ንግሥቲቱ ከለከለች፤ መኪናው ሠራ

ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በ1589 የእግር ሹራብ የሚሠራ መኪና ፈልስፎ ለንደን ገባ። ደጅ ጠና፣ አማላጅ ፈለገ፣ በስተመጨረሻም መኪናውን ለንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ለማሳየት በቃ። የለመነው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነበር። ንግሥቲቱ ግን በመርፌ እየሠሩ የሚያድሩ ድኻ ተገዢዎቼን ለልመና ይዳርግብኛል ብላ ከለከለችው። ሊ ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ ላይ ዕድሉን ሞከረ፤ አልቀናውም። ተመልሶ የኤልሳቤጥን ዙፋን የወረሰውን ቀዳማዊ ጄምስን ለመነ፤ መልሱ ያው ሆነ።

ዳሮን አሴሞግሉና ጀምስ ሮቢንሰን በ2012 ያሳተሙት «ዋይ ኔሽንስ ፌይል» ሰባተኛ ምዕራፉን የሚከፍተው በዚህ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከጥንቷ ሮም እስከ ዛሬይቱ ቻይና የሚዞረው ይህ መጽሐፍ የተነሣበት ጥያቄ አንዳንድ ሀገር ለምን ይበለጽጋል፣ ሌላው ለምን በድህነት ይቀራል የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ መንግሥትና ተቋማቱ። ሥልጣን በብዙ እጅ የተበተነበት፣ ሕግ ለሁሉ እኩል የሚሠራበት ሥርዓት «አሳታፊ» ይባላል፤ ጥቂቶች ብዙኃኑን የሚግጡበት «መዝባሪ»። ዘላቂ ዕድገት ያለ ፈጠራ አይመጣም። ፈጠራ ደግሞ የድሮውን ሙያ፣ የድሮውን ሀብትና የድሮውን ባለሥልጣን ከቦታው ስለሚያፈናቅል መዝባሪው ገዢ በሩን ይዘጋበታል። ደራሲዎቹ እንደሚሉት ነገሩ ያለማወቅ ችግር አይደለም። ገዢዎች አዲሱን መኪና የሚገፉት ምን እንደሚያመጣባቸው ከማንም ቀድመው ስለሚገባቸው ነው።

ሁለቱ ምሁራን ከሳይመን ጆንሰን ጋር በ2024 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለሙ ወዲህ ይህ አስተሳሰብ እንደ ሃይማኖት ድንጋጌ ይጠቀስ ጀምሯል። በእኛም ሀገር «ተቋም፣ ተቋም» የማይል ተንታኝ ማግኘት ይቸግራል። መጽሐፉን በወጉ መመርመር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በእኔ ንባብ፣ ገዢ ፈጠራን ለምን እንደሚፈራ በማስረዳት ረገድ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ፈጠራ ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ሀገር እንዲያዳርስ መንግሥት በየቀኑ ምን ሊሠራ ይገባዋል በሚለው ላይ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ምስጋናውን። ስለ ሶቪየት ኅብረት የሚናገረው አምስተኛው ምዕራፍ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል። ከ1928 እስከ 1960 የሶቪየት ኢኮኖሚ በዓመት በአማካይ 6 በመቶ ሲያድግ የምዕራቡ ዓለም ምሁራን አፋቸውን ከፍተው ያዩ ነበር። የአሜሪካ ተማሪዎች የሚያነቡት የፖል ሳሙኤልሰን መማሪያ በ1961 እትሙ ሶቪየት አሜሪካን ቢፈጥን በ1984፣ ቢዘገይ በ1997 ትቀድማለች ብሎ ተነበየ፤ በ1980 እትሙ ቀኑ ወደ 2002 እና 2012 ተገፋ። የሆነውን እናውቃለን። ምዕራፉን የሚያጣፍጠው ግን የትንቢቱ መክሸፍ ሳይሆን ፋብሪካ ውስጥ ይሆን የነበረው ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚመዘነው በወሩ ኮታ ነው። አዲስ መኪና ልትከል ቢል ማምረቻው ለጥቂት ሳምንታት ይቆማል፤ ኮታው ይጎድላል፤ ጉርሻው ይቀራል። ተክሎ ከተሳካለት ደግሞ የዘንድሮው ብልጫ የመጪው ዓመት መነሻ ሆኖ ይጫንበታል። ስለዚህ ብልህ ሥራ አስኪያጅ አቅሙን ደብቆ፣ ያረጀ መኪናውን እየቀባ ይቀመጣል። ለፈጠራ ሽልማት ይሰጥ የሚለው ሐሳብ በ1918 ታውቆ የነበረ ቢሆንም ክፍያው ከፈጠራው ጥቅም ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በ1956 ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር ይያያዝ ሲባልም ጥቅሙ የሚለካው መንግሥት በቆረጠውና በማይነቃነቅ ዋጋ ስለሆነ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ሆነ።

ማትጊያው ሲከሽፍ ዱላ መጣ። ከ1940 እስከ 1955 ከሥራ መቅረትና መለገም በወንጀል የሚያስጠይቅ ሆኖ 36 ሚሊዮን ሰው እንደተፈረደበት፣ 15 ሚሊዮኑ እንደታሰረ፣ 250,000ው እንደተረሸነ ደራሲዎቹ ይጽፋሉ። የሚደርሱበት መደምደሚያ ሰውን አስፈራርተው ፋብሪካ ሊያስገቡት ቢችሉም አስፈራርተው ሐሳብ ሊያስወልዱት አይችሉም የሚል ነው።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጥያቄዬ የሚነሣው። አንድሬ ቱፖሌቭ በ1937 ታስሮ ቱ-2 የተባለውን የጦር አውሮፕላን የነደፈው በእስር ላይ ሆኖ ነው። እዚያው የእስረኞች ንድፍ ቢሮ ውስጥ ከኮሊማ የግዞት ካምፕ የመጣ ሰርጌይ ኮሮልዮቭ የሚባል መሐንዲስ አብሮት ይሠራ ነበር፤ በ1957 ስፑትኒክን ወደ ሕዋ ያመጠቀውን ሥራ የመራው እሱ ነው። እስር ቤትም ሐሳብ ይወልዳል ማለት ነው፤ ያውም ትልቅ ሐሳብ። ሳተላይት ያመጠቀች ሀገር ለዜጎቿ ደህና ጫማ ማቅረብ ሲያቅታት የጎደላት ሐሳብ አፍላቂ አይደለም። ከሮኬቱ ወርክሾፕ የወጣው ዕውቀት ወደ ጫማ ፋብሪካው የሚሄድበት መንገድ ነው የጠፋው። ደራሲዎቹ መፍለቁንና መስፋፋቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ይህ ልዩነት ከእጃቸው ያመልጣል።

የዊልያም ሊ ታሪክም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ታሪኩን ንጉሡ እምቢ ባለበት ላይ ይቆርጠዋል። ሊ በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ሞተ፤ ወንድሙ ጄምስ መኪናዎቹን ይዞ እንግሊዝ ተመለሰ። ሥራው በዝግታ ተስፋፋ፤ የሹራብ ሠሪዎቹ ማኅበር በ1657 ከኦሊቨር ክሮምዌል፣ በ1663 ደግሞ ከዳግማዊ ቻርልስ ሕጋዊ ሰነድ ተሰጠው። ኖቲንግሃምና ሌስተር የዚህ ሙያ ማዕከል ሆኑ። የንግሥቲቱ «አይሆንም» ሊን ያለ ሀብት አስቀረው እንጂ መኪናውን አላስቀረውም፤ ከ1688ቱ የእንግሊዝ አብዮት በፊት፣ ደራሲዎቹ መዝባሪ በሚሉት ዘመን፣ መኪናው ሥራ ላይ ነበር።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ1811 በኖቲንግሃም አካባቢ ሉዳይት የተባሉት ሠራተኞች በሌሊት እየወጡ በመዶሻ የሰባበሩት ሌላ ሳይሆን የዚያው የሊ መኪና ዝርያ የሆነውን የሹራብ መሥሪያ ነው። በ1812 የእንግሊዝ ፓርላማ መኪና የሰበረ ሰው በሞት ይቀጣ ብሎ ሕግ አወጣ። ልብ በሉ፤ ይህ ፓርላማ በመጽሐፉ ውስጥ የአሳታፊነት አርአያ ሆኖ የቀረበው ነው። ድኾቼ ሥራ እንዳያጡ ያለችው ንግሥት መዝባሪ ተባለች፤ ሥራቸውን ያጡትን ድኾች ለገመድ ያጨው ፓርላማ አሳታፊ። ኤልሳቤጥ የሠራተኛ ወዳጅ ነበረች ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ለፈጠራ የሚመች መንግሥትና ለሰው የሚመች መንግሥት ሁልጊዜ አንድ ላይ እንደማይሄዱ መጽሐፉ ራሱ ባነሣው ምሳሌ ውስጥ ተጽፏል።

ሌሎቹ ምሳሌዎችም ሲነኩ ይላላሉ። ዴኒ ፓፓን ጀርመን ውስጥ የሠራትን ጀልባ ሙንደን ላይ ጀልበኞች ሰባበሩበት የሚለው እውነት ነው፤ ጀልባዋ በእንፋሎት ትሄድ ነበር የሚለውን ግን የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠራሉ፤ በእጅ የምትዘወር ትመስላለች። የኦቶማን ሡልጣን ዳግማዊ ባያዚድ በ1485 ሙስሊሞች በዐረብኛ ፊደል እንዳያትሙ ከለከለ የሚለውንም ካትሪን ሽዋርትዝ የተባለች የታሪክ ተመራማሪ በ2017 ባሳተመችው ጥናት ማስረጃው ስስ መሆኑን አሳይታለች። ኢብራሂም ሙተፈሪቃ በ1727 ፈቃድ አግኝቶ ማተሚያ ቤት ከከፈተ በኋላ እንኳ እስከ 1743 ያሳተመው 17 መጽሐፍ ብቻ ነው። ችግሩ የፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈቃዱ ከመጣ በኋላ መጽሐፍ በጎረፈ ነበር። አንባቢው የት አለ? ትምህርት ቤቱስ? በእጅ ጽሕፈት የሚተዳደረው ጸሐፊስ ምን ይላል? እነዚህ ጥያቄዎች በቤተ መንግሥት አዋጅ የሚመለሱ አይደሉም።

አሁን ወደ እኛ። ስምንተኛው ምዕራፍ ኢትዮጵያን በፍጹም ንጉሣዊ አገዛዝ ምሳሌነት ያነሣል። ዋናው ምስክር በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ ነው፤ ንጉሡ መሬትን በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ፣ አንዳንዴም በየዓመቱ ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው ይሰጥ ስለነበር አንዱ ያረሰውን ሌላው ያጭድ ነበር ይላል። ከዚህ ተነሥተው ደራሲዎቹ የርስት ዋስትና በሌለበት ማን ያለማል ይላሉ። የሰሜኑን የመሬት ሥሪት የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይላል። ንጉሡ ከሹም ወደ ሹም ያዘዋውር የነበረው በዋናው ጉልትን ነው፤ ማለትም ግብር የመብላት መብትን። ገበሬው በአባቱና በእናቱ ወገን ቆጥሮ የሚይዘው ርስት ሌላ ነው፤ ሹም ተሻረ ተብሎ ርስት አይነቀልም። የገበሬውን ጉልበት የሰበረው ርስት ማጣት ሳይሆን ርስቱ ላይ የሚያርፈው ነበር፤ የማይታወቅ ግብር፣ ተሠሪ ወታደር፣ መቋጫ የሌለው ሙግት። በአንድ ሐረግ የምትታለፍ የምትመስለው ይህች ስሕተት ለመጽሐፉ ሐሳብ ክፉ ናት፤ የንብረት መብት በሕግም በልማድም እያለ አስተዳደሩ ብቻ ሰውን ማድከም እንደሚችል ታሳያለችና።

ከአልሜዳ እስከ 1974 መጽሐፉ በሩጫ ያልፋል። ቆም ብሎ ቢመረምር ኖሮ የሚያስቸግሩት ሰዎች እንዳሉ ያስተውል ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አንዱ ናቸው። ፈጠራ ይፈራሉ የሚባሉ ገዢዎች ዝርዝር ውስጥ እሳቸውን የት ያገቧቸዋል? ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ፣ የእጅ ባለሙያ ላኩልኝ ብለው ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉ፣ መልስ ሲቀርባቸው መልእክተኞቿን ያሰሩ ንጉሥ ናቸው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተቀልጦ ተሠራ፤ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፤ በ1868 ሁሉም እዚያው አበቃ። የኮሮልዮቭን አገር ይመስላል። ጥሙ ነበር፣ ዕቃውም ተሠርቶ ነበር። ከጋፋት ወደ ደብረ ታቦር ቀጥቃጭ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም ዕውቀቱን የሚያሻግር ነገር ነው ያልነበረው።

ዳግማዊ ምኒልክም ለመጽሐፉ አይመቹም። የኦስትሪያው ፍራንሲስ ቀዳማዊ ባቡር አብዮት ያመጣብኛል ብሎ ፈራ፤ ሩሲያ እስከ 1842 ድረስ የነበራት የባቡር ሐዲድ ከሴንት ፒተርስበርግ ወደ ዛሩ መኖሪያ የሚወስድ አጭር መስመር ብቻ ነበር። ምኒልክ ግን ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ውል የሰጡት በ1894 ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት የቆመውም ንጉሡ ሠራተኛ ይነሣብኛል ብለው አይደለም፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ላይ እጁን ማስገባቱን ሲያዩ ነው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ሁለቱም ፍርሃት ነው፤ ሁለቱም ባቡር አዘግይቷል። አንዱን የዙፋን ፍርሃት፣ ሌላውን የሀገር ነጻነት ፍርሃት ብሎ መለየት ግን የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው፤ መጽሐፉ የሚመዝንበት ሚዛን አንድ ብቻ ስለሆነ ይህን አይለይም።

ሌላም አለ። ሁለተኛው ምዕራፍ «ባህል ነው ያስቀረን» የሚለውን ሙግት ጠራርጎ ይጥላል። በብዙው እስማማለሁ፤ «ሕዝቡ ሰነፍ ነው» የሚል ሹም በሞላበት አገር ይህ መጽሐፍ ጥሩ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ የሚሸምነውን ቁጢት በጭ እያልን፣ ዐይነ ጥላው ያርፍብናል እያልን የኖርን ነንና ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋልንም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብን የሚገሥጽ አዋጅ አስነገሩ። ገዢው ፈጠራን ፈቀደ፤ ጎረቤት ግን ከጠይቡ ጋር አልጋባም አለ። አሴሞግሉና ሮቢንሰን ቢጠየቁ ንቀቱ ራሱ መሬት ለያዘ ክብር ከሚሰጠው ሥርዓት የተወለደ ነው ይሉ ይሆናል፤ ሚዛን የሚደፋ መልስም ነው። ግን ሥርዓቱ በ1974 ሲወድቅ፣ መሬትም ለአራሹ ሲሆን ንቀቱ አብሮ አልሄደም። በ2025 የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ጆኤል ሞኪር ስለ አውሮፓ ሲጽፍ ለዕውቀትና ለእጅ ሥራ የሚሰጠው ክብር ራሱን የቻለ ኃይል ነው የሚለው በከንቱ አይደለም።

መጽሐፉን ይበልጥ የሚፈትነው ግን እንደ ጀግና የሚያነሣት ቦትስዋና ናት። አሥራ አራተኛው ምዕራፍ በደስታ የተጻፈ ነው፤ ደስ የሚያሰኝም ታሪክ ነው። ሴሬትሴ ካማ የማዕድን ሀብት የራሳቸው ነገድ የንጓቶ ሳይሆን የሀገር እንዲሆን አስደነገጉ፤ ምርጫ በየጊዜው ይካሄዳል፤ ሕግ ይከበራል፤ የአልማዙ ገንዘብ ትምህርት ቤትና መንገድ ሆነ። በመጽሐፉ ሎጂክ ከዚህ በኋላ ፈጠራ ሊከተል ይገባ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎም የቦትስዋና የወጪ ንግድ ዋና ዕቃ አልማዝ ነው። ከዚያ ሌላ አገር ሰው ሠራሽ አልማዝን በርካሽ ማምረት ቻለ። ከመጀመሪያዎቹ ዘዴዎች አንዱ በ1954 አሜሪካ ውስጥ በጄኔራል ኤሌክትሪክ የተገኘ ነው፤ ዛሬ በገፍ የሚያመርቱት ቻይናና ህንድ ናቸው። ዋጋው ወደቀ፤ የቦትስዋና ኢኮኖሚ በ2024 ወደ ኋላ ሄደ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አገሪቱን ከ1966 ጀምሮ ያስተዳደረው ፓርቲ በምርጫ ተሸንፎ ፕሬዚዳንቱ ያለ አንዳች ኮሽታ ሥልጣን አስረከቡ።

ይህን ምን እንበለው? ሥልጣን በሰላም መተላለፉ ደራሲዎቹ ያሉትን ያረጋግጣል፤ ቦትስዋና በእርግጥም ጥሩ መንግሥት አላት። ኢኮኖሚዋ በባዕድ ላቦራቶሪ መናጋቱ ደግሞ ጥሩ መንግሥት መኖሩ ብቻውን ፈጠራን እንደማይወልድ ያሳያል። አለመዝረፍ አንድ ነገር ነው፤ የሚፈጥር ትውልድ ማብቀል ሌላ ነው። መጽሐፉ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተከትሎ በራሱ ጊዜ የሚመጣ አድርጎ ያየዋል፤ ዝናብ ሲዘንብ ሣር እንደሚበቅል።

በሌላው ጫፍ ታይዋን አለች፤ መጽሐፉ አለፍ አለፍ እያለ ብቻ የሚነካት። ዛሬ ዓለም የሚንቀሳቀስባቸውን ረቂቅ ቺፖች የሚያመርተው ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. የተመሠረተው በየካቲት 1987 ነው፤ ለ38 ዓመት የቆየው ወታደራዊ አዋጅ የተነሣው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ኩባንያው የወጣው በ1973 ከተቋቋመ የመንግሥት የምርምር ማዕከል ነው፤ መነሻ ካፒታሉንም ግማሽ ያህሉን የሰጠው መንግሥት ነው። የደቡብ ኮሪያው ፓርክ ቹንግ ሂም በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዞ በ1966 የኮሪያን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም መሥርቶ ውጭ የቀሩትን የሀገሩን ተመራማሪዎች ጠርቶ መለሰ። በእነዚህ አገሮች ነጻነት ባይኖርም ጉዳዩን የሚያውቅ፣ ውጤት የሚጠየቅ፣ ያጠፋውን ድጎማ የሚነጥቅ ቢሮ ነበር። ለአምባገነን ጥብቅና መቆሜ አይደለም፤ ነጻነት ነፍገው እንዲህ ያለ ቢሮም የሌላቸው አምባገነኖች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ቢሮው ራሱን የቻለ ነገር ነው ማለቴ ነው። መጽሐፉ ማዕከላዊ መንግሥት መኖር አለበት ከማለት አልፎ ስለ ቢሮው ጥራት የሚለው የለውም።

የቻይናው ትንቢት ከሁሉ በላይ ፈተና ላይ ነው። አሥራ አምስተኛው ምዕራፍ የቻይና ዕድገት የሌላውን በመቅዳት ላይ የቆመ ነውና እንደ ሶቪየቱ ይነጥፋል ይላል። ከዚያ ወዲህ ቻይና በ2023 ጃፓንን አልፋ የዓለም ቀዳሚ የመኪና ላኪ ሆነች፤ በባትሪና በኤሌክትሪክ መኪና ሌላው ከእሷ ይቀዳል። በሌላ በኩል ባለሀብቱ ጃክ ማ የመንግሥትን የባንክ ተቆጣጣሪዎች በአደባባይ በነቀፈ በሳምንታት ውስጥ፣ በኅዳር 2020፣ የኩባንያው የአክሲዮን ሽያጭ ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ታገደ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ፍርዱ ገና ነውና ደራሲዎቹን «ተሳሳታችሁ» ለማለት አልቸኩልም፤ ግን አንድ ንድፈ ሐሳብ ሲሳካ «አሳታፊ ስለሆነ»፣ ሲከሽፍ «መዝባሪ ስለሆነ»፣ ሳይታሰብ ሲሳካ ደግሞ «ቆዩ፣ ይከሽፋል» የሚል ከሆነ በምን ይረታል?

ደራሲዎቹ ያላዩትን ነገር ለማየት ኬንያ ትበቃናለች። በ2007 መጀመሪያ ሳፋሪኮም በስልክ ገንዘብ የሚያስተላልፈውን ኤም-ፔሳን ይዞ መጣ። ስልክ ኩባንያ የሰው ገንዘብ ይያዝ የሚል ሕግ አልነበረም፤ አይያዝ የሚልም አልነበረም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የብዙ አገር ባለሥልጣን መልስ ይታወቃል፤ መመሪያ የለም፣ ነገ ተመለስ፣ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ሰዎች ግን ነገሩን መረመሩ፤ የደንበኛው ገንዘብ በባንክ በአደራ ሒሳብ ይቀመጥ አሉ፤ ተቃውሞ የለንም የሚል ደብዳቤ ጻፉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የኬንያ ምርጫ ተበላሽቶ ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። የሀገሪቱ ትልልቅ ተቋማት ገደል አፋፍ ላይ ነበሩ። በ2008 መጨረሻ ደግሞ የባንኮች ጉትጎታ በርትቶ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኤም-ፔሳ ይመርመር አሉ። የዊልያም ሊ ቀን ኬንያ ላይ ደረሰ ማለት ነው፤ አሮጌው ሙያ በዙፋኑ በኩል አዲሱን ሊያስቆም መጣ። ማዕከላዊ ባንኩ መረመረ፤ ችግር የለበትም አለ፤ አገልግሎቱ ቀጠለ። ይህን የወሰነው ሕገ መንግሥት አይደለም፤ አዲሱ የኬንያ ሕገ መንግሥት የመጣው በ2010 ነው። ሥራቸውን የሚያውቁና ፊርማቸውን የማይፈሩ ጥቂት የመካከለኛ እርከን ሹማምንት ናቸው።

የእኛ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ባወጣው መመሪያ የሞባይል ገንዘብን ለባንኮችና ለጥቃቅን ብድር ተቋማት ብቻ ፈቀደ፤ ባንክ ላልሆኑ የተከፈተው በ2020 ነው፤ ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2021። ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ 14 ዓመት። ማንም ንጉሥ አልከለከለም፤ የፈራ ዙፋንም ነበረ ለማለት ማስረጃ የለኝም። ጥንቃቄ ነበር፣ ብቸኛ የቴሌኮም ድርጅት ነበር፣ ባንኮችን ላስቀድም የሚል ፖሊሲ ነበር። ባለሙያዎቹ ለጥንቃቄያቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ያልተፈተነ ነገር ፈቅዶ የድኻ ገንዘብ ቢጠፋ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። በፈቀዱት ነገር ጥቅም ቢገኝ ግን የሚያመሰግናቸው አልነበረም። የሶቪየቱ ሥራ አስኪያጅ ስሌት ይህ አልነበረምን?

ይህን የቢሮ ነገር ከአሴሞግሉ በፊት በአማርኛ የጻፈ ሰው ነበረ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ድሬዳዋ ላይ ቀረጥ ያስቆርጡ የነበሩ ሰው ናቸው፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው እሳቸው በ1919 ካረፉ በኋላ በ1924 (በ1916 ዓ.ም.) ታተመ። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ላለው ሕዝብ ጉልበቱን በርካሽ እየሸጠ ይኖራል፤ ዕውቀት የሚዳብረው ደግሞ ሥርዓት ባለው መንግሥት ነው ሲሉ ከኖቤል ተሸላሚዎቹ ጋር ይገጥማሉ። የሚለዩት ሐሳባቸውን የሚያወርዱበት ላይ ነው፤ ወደ መንገዱ፣ ወደ ቀረጡ፣ ወደ ገንዘቡ፣ ወደ ግብሩ አከፋፈል። በር ላይ ቆሞ ነጋዴ ሲንገላታ ያየ ሰው ብዕር ነው። አሴሞግሉና ሮቢንሰን ነገሥታትንና ፓርላማዎችን ከላይ ያያሉ፤ ነጋድራስ ኬላውን ከታች። የእሳቸውም መጽሐፍ ጉድለት አለው፤ ብልህ ንጉሥ ከተገኘ ሁሉ ይስተካከላል የሚል ተስፋ ያበዛሉ፤ ሥልጣን ራሱን እንዴት እንደሚከላከል የሚያስረዳው ደግሞ የአሴሞግሉና የሮቢንሰን መጽሐፍ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ እወዳለሁ፤ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ግን እስከማውቀው ድረስ ብዙውን ጊዜ የአሴሞግሉንና የሮቢንሰንን ብቻ ያውቃሉ።

መጽሐፉን ለማንበብ ጊዜ ያጠረው አምስተኛውን፣ ሰባተኛውንና አሥራ አራተኛውን ምዕራፍ ቢያነብ ዋናውን ያገኛል። ስለ ሮም የሚናገረው ስስ ነው፤ ሊታለፍ ይችላል። የሜክሲኮና የአሜሪካ ባንኮች ንጽጽር ግን አይታለፍ፤ በ1910 ሜክሲኮ ውስጥ 42 ባንክ ብቻ ሲኖር ሁለቱ ብቻ ከጠቅላላው የባንክ ሀብት 60 በመቶውን ይዘው እንደነበር ሲነበብ ስለ ብድርና ስለ ፈጠራ ብዙ ይገባል። ቢል ጌትስ መጽሐፉ በበጎ ምሳሌነት ቢያነሣውም በ2013 በጻፈው ግምገማ ክፉኛ ነቀፈው፤ ደራሲዎቹም አልተኙለትም፤ ያ ክርክር ለብቻው መነበብ ያለበት ነው።

አሴሞግሉ ራሱም ከቆመበት ተንቀሳቅሷል። በ2023 ከሳይመን ጆንሰን ጋር ያሳተመው «ፓወር ኤንድ ፕሮግረስ» እንደገና ወደ እንግሊዝ ሸማኔዎችና ሹራብ ሠሪዎች ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄው መኪናውን ማን ከለከለ አይደለም፤ ከመኪናው ማን ተጠቀመ የሚል ነው። ሉዳይቶቹም እንደ ዕድገት ጠላት ሳይሆን ፍርድ እንደተጓደለባቸው ሰዎች ይታያሉ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ካነሣሁት ተቃውሞ ግማሹን ይህ ይመልስልኛል። ደብዳቤ የሚጽፈው ሹም ግን በሁለተኛውም መጽሐፍ ገና ስሙ አልተነሣም።